ዜሮውን ማን ይያዝ

ባለፈው ሰኔ በጡረታ ስሰናበት የትምህርት ቤቱ ሰዎች ጋቢ አለበሱኝ፣ በመስታወት የተለበደ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ፤ ዳይሬክተሩም በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ለወግ ለማዕረግ እንዳበቃሁ ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የማስበው ስለ አንዲት ልጅ ነበር። ዝግጅቱ ሲያበቃ ክፍሌን የተረከበችው ወጣቷ መምህርት ሰሚራ አጠገቤ መጥታ፣ "ጋሼ፣ ትልልቅ ቁጥር እንዴት እንደሚያስተምሩ ይጻፉልኝ፤ ልጆቹ ሚሊዮን ላይ ሲደርሱ ይጠፉብኛል" አለችኝ። ሁለት ገጽ ይበቃል አለች። ሁለት ገጽ አልበቃኝም፤ የጻፍኩትም እሷ የጠበቀችውን ዓይነት አይደለም።

ሥራ የጀመርኩት ከባቲ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት የጭቃ ክፍልና አንድ ዳስ ነበረው። ደመወዝ ለመቀበል ግማሽ ቀን በእግር እንሄድ ነበር፤ አንዳንዴ ሄደን "ፔሮሉ አልተፈረመም" ተብለን እንመለሳለን። የመጀመሪያው አለቃዬ ጠመኔ ለሁለት እየሰበረ የሚያድል ሰው ነበር። ስለ እሱ ሌላ የማስታውሰው ነገር የለም።

ጋሽ እንድሪስን ያገኘሁት እዚያ ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ የሂሳብ መምህር ነበር። የተማሪ ደብተር ከመንካቱ በፊት የእጁን ጠመኔ ይታጠባል፤ ውሃ በጠፋበት ቀን እንኳ በሱሪው ጠርጎ ነው ደብተር የሚይዘው። ተማሪ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት አያጠፋበትም። "የጻፍከውን አንብብልኝ" ይለውና ልጁ እስኪያነብ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ልጅ ሲሳሳት ዳስተሩን አንስቼ አጥፍቼ ትክክለኛውን እጽፍ ነበር። እሱ ይህን ባየ ቁጥር ጥርሱን ነከስ ያደርጋል እንጂ አይናገረኝም።

አንድ ቀን "ሃያ ሺህ አምስት ጻፉ" ብዬ አዘዝኩ። ከክፍሉ ግማሹ ሁለት መቶ ሺህ አምስት ጻፈ። ተናደድኩ፤ ጮኽኩም። ጋሽ እንድሪስ ከጎረቤት ክፍል ሰምቶ ገባና አንዱን ደብተር አየ። "ልጁ እኮ የሰማውን ነው የጻፈው" አለኝ። "መጀመሪያ ሃያ ሺህን ከነዜሮዎቹ ጻፈ፤ ከዚያ አምስትን አጠገቡ ለጠፈ። ምኑ ላይ ነው የሰነፈው?" ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ፣ "ተነሡ፣ ወደ ሜዳ ውጡ!" አለ።

ሜዳው ላይ በእንጨት መሬቱን ጫረና ቤቶች ሠራ። የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ከበበና "ይህ አንድ ሠፈር ነው" አለ። ቀጥሎ ሌላ ሦስት ቤት፤ ያ የሺህ ሠፈር ነው። ከዚያ የሚሊዮን ሠፈር። በየሠፈሩ ያው ሦስት ቤት ነው የሚደጋገመው፤ ልጁ የሚለየው የሠፈሩን ስም ብቻ ነው። ሚሊዮን የሚያስፈራቸው አዲስ አገር ስለሚመስላቸው ነው ይል ነበር። የካርቶን ቁጥር ያደላቸውና በየቤቱ ያቆማቸዋል፤ እያንዳንዱ ልጅም በተራው "እኔ አራት ነኝ፣ ቤቴ የአስር ሺህ ነው፣ ዋጋዬ አርባ ሺህ ነው" ይላል። እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብሎ ነው የሚለው።

ዜሮው ካርቶን አልነበረም። የዘይት ቆርቆሮ ክዳን ነበር፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ በሽቦ አንገት ላይ የሚንጠለጠል። እሱን የሚያጠልቀው ራሱ ጋሽ እንድሪስ ነው። ያን የሚያህል ሽማግሌ ከልጆቹ መሀል ገብቶ ይቆምና ተራው ሲደርስ ሠፈሩን በሚያናውጥ ድምፅ፣ "እኔ ዜሮ ነኝ! የመቶ ቤት ባዶ ስለሆነ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ!" ይላል። ከዚያ በድንገት ከሰልፉ ይወጣል። ልጆቹ ክፍተቱን ለመዝጋት ሲጠጉ ስድስት ሺህ ሃምሳ ሁለት የነበረው ስድስት መቶ ሃምሳ ሁለት ይሆናል። ልጆቹ ይጮሃሉ፤ ተመለስ ይሉታል። ለሃያ ሺህ አምስት ሦስት ዜሮ ያስፈልግ ስለነበር አንዱን እሱ ይሆናል፣ አንዱን እኔ፣ አንዱን ዘበኛው። የመጀመሪያ ዓመቴን ግማሹን ዜሮ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት ብል ማጋነን አይሆንም።

ለልጅ ግን አንድም ቀን ሰጥቶ አያውቅም። ምክንያቱን ስጠይቀው "ዜሮ የመምህር ነው" አለኝና አለፈ። እኔም ጨዋታ ወዳድነቱ ነው ብዬ ተውኩት። ስለ እሱ ከተሳሳትኩት ሁሉ የከፋው ይኼ ነው።

ከዚያ ወደ ሰንበቴ አካባቢ ተዛወርኩ፤ ከዓመታት በኋላም ከሚሴ ገባሁ። በአማርኛ የጀመርኩትን ማስተማር በአፋን ኦሮሞ ቀጠልኩ። ከሚሴ ስገባ ጋሽ እንድሪስ ጡረታ ወጥቶ ነበርና ክዳኑን ለእኔ አወረሰኝ። የቁጥር ሰልፉን ከእሱ እንደተማርኩ ለሰው ብናገርም ሰው የሚያመሰግነው እኔን ነበር። ሞዴል መምህር ተባልኩ፤ ከሌላ ትምህርት ቤት እየመጡ ይጎበኙኝ ጀመር። ልቤን ነፋ አደረገው፣ አልዋሽም።

የከሚሴው ክፍሌ ከሰባ በላይ ልጅ ነበረው። እኔ ሰልፍ ውስጥ ስገባ ከኋላ ያሉት ይደባደባሉ። ስለዚህ ዳር ቆሜ ለመጠበቅ እንዲመቸኝ ክዳኑን ለልጅ ሰጠሁ። ልጅቷ ዘሃራ ትባላለች።

ዘሃራ አምስተኛ ክፍል ስትገባ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ደብተሯ የክፍሉ ንጹሕ ደብተር ነው። አፏ ግን አይከፈትም። ሦስተኛ ክፍል እያለች ቃል ሲያደናቅፋት የሳቀባትና በአርጩሜ የመታት መምህር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ድምፅ አውጥታ አታውቅም። ስሟ ሲጠራ እንኳ እጇን ነው የምታወጣው። በመጀመሪያው ወር እናቷ በእረፍት ሰዓት መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በር ላይ ቆመች።

"ባርሲሳ" አለችኝ፤ እኛ ዘንድ መምህርን እንዲህ ነው የሚጠሩት። "አባቷ ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው ብሏል። አፍ የሌላት ልጅ ትምህርት ምን ያደርግላታል ነው የሚለው። የሚፈልጋትም ሰው አለ። በወላጅ ቀን ሕዝብ ፊት ድምጿን ካልሰማሁ ወላሂ አስቀራታለሁ ብሏል።"

"ድምጿን ታሰማዋለች" አልኩ። "ለእኔ ተዪው።"

"አላህ ይጨምርልዎት" አለችኝ። እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከልኳት።

ያሰብኩት እንዲህ ነበር። የዜሮ ቃል አጭር ነው፤ ማስላት የለበትም፣ መሳሳት የለበትም። "እኔ ዜሮ ነኝ፣ ቤት እጠብቃለሁ" ብቻ። በእሱ አፏን አስከፍታታለሁ አልኩና ክዳኑን አንገቷ ላይ አጠለቅኩላት። በመጀመሪያው ቀን ተራዋ ሲደርስ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። አንጀቴን በላችው። "ይለፍ፣ ቀጥል" አልኩ ለሚቀጥለው ልጅ። በማግሥቱም እንደዚያው። በሳምንቱ ደወሉ ሊደወል ሁለት ደቂቃ ቀርቶ ነበርና "ዜሮን እንለፋት" አልኩ። ከዚያ በኋላ እኔ እንኳ አላልኩም፤ ልጆቹ ራሳቸው እሷ ጋ ሲደርሱ ይዘሏት ጀመር። ሌላ ቁጥር ሰጥቻት አላውቅም። እሷም ሰልፍ ሲባል ክዳኑን ከመሳቢያዬ ራሷ እያመጣች ታጠልቅ ነበር፤ ፊቷ ላይ እፎይታ አይ ነበር። እኔ እፎይታውን እንደ ለውጥ ቆጠርኩት። ሰባ ልጅ በሚንጫጫበት ክፍል አንድ ዝም የምትል ልጅ ለእኔም እረፍት ነበረች፤ እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ይኼንንም ልጻፈው።

እናቷ በዓመቱ አጋማሽ መንገድ ላይ አግኝታኝ "እንዴት ነች?" አለችኝ። "ሰልፍ ላይ ትቆማለች" አልኳት። ውሸት አልነበረም። ደስ ብሏት ሄደች።

የወላጅ ቀን ደረሰ። ሰኔ ነው፤ ጠዋት ዘንቦ ሜዳው ጭቃ ነበር። አባቷ የከብት ነጋዴ ነው፤ ዕለቱ እሑድ ስለነበር የሰንበቴን ገበያ ትቶ መጥቶ ነበር። ከፊተኛው ረድፍ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ከመጣው ሱፐርቫይዘር ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። እናቷ ከሴቶቹ ጋር ነበረች። እኔን ስታይ ራሷን ነቀነቀችልኝ።

ሰባት ልጆች አቆምኩ። ሰባት ሚሊዮን ሦስት መቶ አራት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ። ዘሃራ በአስር ሺህ ቤት ክዳኑን አጥልቃ ቆመች። ያን ዕለት ትናገራለች ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ በምን እንዳሳመንኩ አሁን አላውቅም። አንድም ቀን አላለማመድኳትም። ልጆቹ በተራ ጮኹ፤ ሕዝቡ በየመሀሉ አጨበጨበ። ዘሃራ ጋ ሲደርስ ቀጣዩ ልጅ እንደለመደው ዘሎ የራሱን ተናገረ። ብዙ ሰው ልብ አላለም። ሱፐርቫይዘሩ ግን ልብ አለ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የሸመደዱትን እንዳይሆን ብሎ መፈተኑ ነው። ተነሣና፣ "ጎበዞች! አሁን ዜሮና አራት ካርዳችሁን ተቀያየሩ" አለ። ተቀያየሩ። ዘሃራ የካርቶኑን አራት ይዛ በአስር ሺህ ቤት ቆመች። "እስቲ አንቺ የእኔ ልጅ፣ አሁን ዋጋሽ ስንት ሆነ?"

መልሱ አርባ ሺህ ነው። ታውቀዋለች። እኔ እንደምታውቀው አውቃለሁ። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ "ይለፍ" እንድል ነበር የምትጠብቀው። ዓመቱን ሙሉ ስትታለፍ ቆይታለችና። እኔ ግን ያን ቀን አላልኩላትም። አባቷ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ከሰልፉ ውስጥ አንዱ ልጅ፣ ክፋት የሌለበት፣ ሊረዳት የፈለገ ልጅ፣ እጁን አውጥቶ ጮኸ፦

"እሷ ዜሮ ናት! እሷ አትናገርም!"

ሕዝቡ ሳቀ። መጀመሪያ ልጆቹ፣ ከዚያ ወላጆቹ፣ ሱፐርቫይዘሩም ፈገግ አለ። ዘሃራ ካርቶኑን ጭቃው ላይ ጣለችው። አባቷ ሳይቸኩል ተነሣ፣ ዱላውን ያዘ፣ ሰልፉ ውስጥ ገብቶ እጇን ይዞ በዋናው በር ይዟት ወጣ። እናቷ ከኋላቸው ስትሮጥ ነጠላዋ ወደቀባትና ሌላ ሴት አነሣችላት። ወደ እኔ አልዞረችም።

በማግሥቱ ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ ደጅ ላይ ጠበቀኝ፤ ወደ ውስጥ ይግቡም አላለኝ።

"ባርሲሳ፣ ባስቀይምዎት አውፍ ይበሉኝ" አለ። "እኔ ልጄን እወዳታለሁ። ድምጿን አንድ ቀን ልስማ ብዬ ገበያዬን ትቼ መጣሁ። እርስዎ ሕዝብ ፊት አቁመው አሳቁብኝ።"

"ሂሳቡን ታውቀዋለች፤ ደብተሯን ይዩት" አልኩና የያዝኩትን ደብተር ዘረጋሁ።

"እኔ ደብተር አላነብም" አለ። "እኔ የማውቀው ጆሮዬን ነው።"

ደብተሯ እጄ ላይ ቀረ። ዓመቱን ሙሉ የሠራናቸው ቁጥሮች በሙሉ በውስጡ አሉ፤ በአኃዝም በፊደልም፣ የእያንዳንዱ ቤት ዋጋ ከሥሩ ተጽፎ፣ አንድ ስህተት የለበትም። በየገጹ የእኔ ቀይ የትክክል ምልክት አለበት። እስከ ዛሬ ቤቴ አለ።

በሚቀጥለው ሰኞ፣ የባቲ ገበያ ቀን ነበር፣ መኪና ተሳፍሬ ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ በድምፄ ነው የለየኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

"ዜሮውን ማን ይዞት ነበር?"

"እሷ።"

"እኔ የምይዘው ለማሳቅ አልነበረም" አለኝ። "በእያንዳንዱ ክፍል መደበቅ የሚፈልግ ልጅ አለ። ዜሮውን ከሰጠኸው እዚያ ይገባና ይቀመጣል፤ አንተም ደግ የሆንክ ይመስልሃል። ስለዚህ እኔ ገባሁበት። እንዲህ ብዬ ብነግርህ ኖሮ።" እንዳልነገረኝ ራሱን ወቀሰ። እሱን መውቀስ ለእኔ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ጠይቄው አንድ ቃል ሲመልስልኝ ደግሜ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። ከዓመት በኋላ ሞተ። ቀብሩ ላይ ደርሻለሁ።

ዘሃራ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተዳረች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፤ ባሏ ፈታት። ከዚያ ልጇን ለእናቷ ትታ በአፋር በኩል ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ባሕሩን ተሻግራ ሳዑዲ ሄደች። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሰው ነው። እናቷን ገበያ ሳገኛት አንገቴን እሰብራለሁ፤ እሷ ደግሞ ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ የሚከብደኝ እሱ ነው።

ከዚያች ሰኔ በኋላ ክዳኑን ራሴ አጠለቅኩት። ከኋላ ያሉት ይደባደቡ እንጂ አልኩ። ትምህርት ቤቱ የተፈናቀለ ሰው ማደሪያ ሆኖ ዴስኩ ለማገዶ በነደደበት ዓመት እንኳ መሬት ላይ ቤት ጭሬ፣ አንገቴ ላይ አጥልቄ ቆሜያለሁ። ብዙ ልጅ ተማረበት። ዘሃራን ግን አልመለሰልኝም፤ መልካም ሥራዬን ስቆጥር ሁልጊዜ እሷ ላይ ስደርስ አቆማለሁ።

ሰሚራ፣ ክዳኑን ከጠረጴዛው በስተቀኝ ባለው መሳቢያ ትቼልሻለሁ። ሽቦው ዝጓል፣ ቀይሪው። የቀረውን ከላይ ጽፌልሻለሁ፤ ሠፈሩን፣ ቤቱን፣ ቃሉን። ልጅ እንዳይዘው ብቻ አደራ።

ጽሑፉን እዚህ ላይ ጨርሼ ነበር። ነገር ግን በመስከረም ዳይሬክተሩ ሰው አነሰኝ ብሎ ለምዝገባ ጠራኝ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ወጥቶልኝ ስም እጽፋለሁ። ጥቁር አባያ የለበሰች ቀጭን ሴት አንዲት ልጅ ይዛ ተራዋ ደረሰ። ቀኝ እጇ ላይ ሰፊ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ ሁለቱ ጣቶቿ አይታጠፉም።

"ስምሽ ማነው?" አልኳት ልጅቷን።

ልጅቷ ወደ መሬት አየችና የሆነ ነገር አንሾካሾከች።

"ጮክ በይ!" አለች እናትየዋ። ድምጿ ሻካራ ነው፤ ከወረፋው ኋላ የቆሙት ሁሉ ዞሩ። "ጮክ ብለሽ ተናገሪ! ሰው ይስማሽ!"

ልጅቷ ጮክ ብላ ስሟን ተናገረች። ጻፍኩ። "አምስተኛ ክፍል ነች" አለች እናትየዋ። የእናት ስም የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ጠየቅኳት። "ዘሃራ" አለች፤ የአባቷንም ስም ጨመረች። እስክሪብቶዬ ቆመ። እሷ ገና ወረፋ ላይ ሳለች አውቃኝ ኖሯል። ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ዘሃራ" አልኳት፣ "አውፍ በይኝ።"

"ለምኑ ጋሼ?"

"ዜሮውን ስለሰጠሁሽ።"

"እኔ እኮ ወድጄው ነበር" አለች። "ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እዚያ አገርም ዝም አልኩ። አሠሪዬ ፓስፖርቴን ስትቀማኝ ዝም፤ እጄን በዘይት ስታቃጥለኝ ዝም። መጮህ የጀመርኩት በኋላ ነው።" ይህን ስትል የልጇን የአንገት ልብስ እያስተካከለች ነበር። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "አምስተኛ ክፍልን አሁንም እርስዎ ነዎት የሚያስተምሩት?"

"አይ" አልኳት። "ጡረታ ወጥቻለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች።

ክፋት አልነበረበትም፤ ከልቧ ነበር ያለችው። ልጇን ይዛ ወደ ክፍሎቹ ሄደች። እኔም ቀጣዩን ስም ከመጠየቄ በፊት ቀስ ብዬ "አልሐምዱሊላህ" አልኩ።